የኦክስፎርድ የተማሪዎች ዲክሽነሪ፦ ፍቺውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት

የእንግሊዝኛ ቮካብላሪ ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪን እመርጣለሁ። ወፍራሙንም መጽሐፍ፣ በነፃ የሚከፈተውንም ድረ ገጽ ማለቴ ነው። ሁለቱንም ለዓመታት ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ተማሪ ሳስጠናም ከጎኔ አይጠፉም። እንከን አለበት፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን ከመጀመሪያው አቋሜን ላስቀምጥ። የዚህ ዲክሽነሪ ትልቁ ሀብት ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚዘላቸው እነሱኑ ነው።

ቃላት የምናጠናበት መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩትን ፒዲኤፎች ታውቋቸዋላችሁ፤ በግራ ቃሉ፣ መሃል ላይ አጭር ፍቺ፣ በቀኝ ሁለት ሦስት ሲኖኒም። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ይሄን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድድ ያድራል። ፈተናው ላይ ከአራቱ ምርጫዎች ተመሳሳዩን ቃል ለመለየት ያግዘው ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ገጽ ጻፍ ሲባል፣ ወይም ሥራ ሊቀጠር ሄዶ ስለራስህ ንገረን ሲሉት፣ ያ ሁሉ የሸመደደው ቃል አፉ ላይ አይመጣለትም፤ ቢመጣለትም ያለ ቦታው ይገባል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ዝርዝሩ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የት እንደሚነገርና የት እንደማይነገር አላሳየውም። ያን ያህል ልፋት እንዲህ ሲባክን ሳይ ከልቤ ያናድደኛል።

መጀመሪያ ስለ ፍቺው። «አድቫንስድ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ለጎበዞች ብቻ የተዘጋጀ ይመስላል። አይደለም። ፍቺዎቹ የተጻፉት ሆን ተብለው በተመረጡ ጥቂት ሺህ ተራ ቃላት ነው። እነሱን የያዘ ሰው ከባዱንም ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። ለእንግሊዞች ለራሳቸው የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ግን ይሄ ጭንቀት የለባቸውም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላቱ «ኔትወርክ» የሚለውን ቃል፣ ያው መረብ ማለት ነው፣ የፈታበት መንገድ እስከ ዛሬ ይነሳል፤ ፍቺው ውስጥ ያሉት ቃላት ከራሱ ከቃሉ በብዙ የከበዱ ናቸው። አንድ ቃል ልትፈልጉ ገብታችሁ ሦስት የማታውቋቸውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ዛሬም ጎግል ላይ ቃል ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ፍቺ ለተማሪ ታስቦ የተጻፈ ስላልሆነ አንዳንዴ እንደዚያው ያደርጋችኋል።

የኦክስፎርዱ ለተማሪ የሚጨነቀው አመጣጡ ስለሆነ ነው። አባቱ አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ጋተንቢና ዌክፊልድ ያዘጋጁት ሥራ መጀመሪያ የታተመው ቶኪዮ ውስጥ ነው፣ በ1942፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ደግሞ በ1948 ለሌላው ዓለም አወጣው። 10ኛው እትም የወጣው በ2020 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሆርንቢ ሲያዘጋጀው ፊቱ የነበረው ተማሪ እንግሊዝኛን ከእናቱ ያልሰማ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው ነው። እኛ ማለት ነው። ለዚህ ሰው ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ መንገር ግማሽ ሥራ ብቻ እንደሆነ ገብቶት ነበር፤ ግሡ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚቆም ማሳየት ላይ ብዙ ደክሟል።

ሲኖኒም ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሲኖኒምን ያለ ምሳሌ ማጥናት ይጎዳል። በአማርኛ አስቡት። «ሸንቃጣ» እና «ከሲታ» ሁለቱም ስለ ቀጭን ሰው ነው የሚነገሩት። አንዷን ሸንቃጣ ብትሏት ደስ ይላታል፣ ከሲታ ብትሏት ታኮርፋለች። እንግሊዝኛውም «ስሊም» እና «ስኪኒ» ላይ እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ሙገሳ ነው፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ነቀፌታ አለበት። ፒዲኤፉ ግን ሁለቱን በእኩል ምልክት አያይዞ ያልፋል። ዲክሽነሪው እዚያው ፍቺው ውስጥ አንዱ ደስ የሚል ቅጥነት፣ ሌላው ደስ የማይል ቅጥነት እንደሆነ ይነግራችኋል። «ዲማንድ» የሚለውንም ውሰዱ። ዝርዝሮች ከ«አስክ» ጎን ያስቀምጡታል። የሥራ ማመልከቻ ላይ እሱን የተጠቀመ ሰው በትህትና የጠየቀ ይመስለዋል፤ ቀጣሪው የሚያነበው ግን ትእዛዝ ነው።

ለተመረጡ ቃላት ለብቻው የሲኖኒም ሳጥን ተዘጋጅቷል። የሚምታቱ ቃላትን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው መቼ እንደሚባል የሚያስረዳም ሌላ ሳጥን አለ። ከእነዚህ ውስጥ «ቢግ»ን፣ «ላርጅ»ን እና «ግሬት»ን የሚያነጻጽረውን ለማንም ተማሪ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። እኛ ሦስቱንም «ትልቅ» ብለን እናልፋቸዋለን። እንግሊዝኛው ግን ስህተትን «ቢግ»፣ የገንዘብ መጠንን «ላርጅ»፣ ደስታን «ግሬት» ሊል ይወዳል። ይሄን ከአንድ መስመር ፍቺ ማንም ሊያወጣው አይችልም። ቅር የሚለኝ እነዚህ ሳጥኖች ያላቸው ቃላት ጥቂት መሆናቸው ነው። ለቀሩት ተማሪው ወደ ቲሳውረስ፣ ማለትም ተቀራራቢ ቃላትን ሰብስቦ ወደሚደረድር መጽሐፍ፣ ይሮጣል። ቲሳውረስ ደግሞ፣ የእንግሊዛዊው ፒተር ሮጄ ሥራ በ1852 ከወጣ ጀምሮ፣ የሚጠቅመው በዋናነት ቃሉን ለሚያውቅና ለጊዜው ለጠፋበት ሰው ነው። ቃሉን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው አደገኛ ነው። እዚያ ያገኛችሁትን ማንኛውንም ቃል እዚህ መልሳችሁ ፈልጋችሁ ምሳሌውን ሳታዩ አትጻፉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምሳሌዎቹ።

በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ስንናገር የምንሳሳተው በአብዛኛው ቃሉ ጠፍቶን አይደለም። «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» እንላለን፤ ስለዚህ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይወጣናል። ዝናቡ ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህ «ስትሮንግ ሬይን»። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ»። እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ብንጠየቅ ፍቺውን በትክክል እንመልሳለን። ችግሩ አንድ ላይ ሲገጠሙ ነው። ይሄን የሚያርመው ምሳሌ ብቻ ነው። «ሬይን» ብላችሁ ፈልጉ፣ ምሳሌዎቹ ውስጥ «ሄቪ ሬይን»ን ታገኛላችሁ። «ማሪድ» ጋ ሂዱ፣ ከኋላው «ቱ» ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። «ሚስቴክ» የሚሄደው ከ«ሜክ» ጋር እንደሆነ፣ ከ«ዱ» ጋር እንደማይሄድ እዚያው ታያላችሁ። ድረ ገጹ ላይ ደግሞ ለብዙ ቃላት ከምሳሌዎቹ ሥር ተጨማሪ ምሳሌዎች፣ እንዲሁም ከቃሉ ጋር አብረው የሚሄዱ ቅጽሎችና ግሦች የተዘረዘሩበት ክፍል አለ። ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ብዙ ሰው አያየውም። ንኩት፣ ይከፈታል። እኔ ከጠቅላላው አገልግሎት አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ያንን ነው።

ሌላው የምወደው ነገር የተማሪን ስህተት አስቀድሞ ማወቁ ነው። «ዲስከስ» ሥር «ዲስከስ አባውት» እንደማይባል በግልጽ ተጽፏል። ስንት ስብሰባ ላይ፣ ስንት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ነው ይሄን የምናገኘው! «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ስለ»ዋን ተሸክመናት እንሄዳለን። «ኤክስፕሌይን ሚ»ም እንዲሁ ነው። እኛ «አስረዳኝ» ብለን በአንድ ቃል ስለምንጨርስ መሃል ላይ «ቱ» እንደሚያስፈልግ አይታየንም፤ ዲክሽነሪው ግን ያስጠነቅቃል። ከስሞች ጎን የምታዩት የ«ሲ» እና የ«ዩ» ፊደልም ተራ ምልክት አይደለም። «ሲ» ካለ ስሙ ይቆጠራል፣ «ዩ» ካለ አይቆጠርም። «አድቫይስ» እና «ኢንፎርሜሽን» ላይ «ኤስ» የምንጨምረው በአማርኛ ምክሮች፣ መረጃዎች ስለምንል ነው። ያቺን ፊደል ማየት የለመደ ተማሪ ይሄን ስህተት ይተወዋል።

እንዴት ልጠቀምበት ለሚለኝ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው የምለው። ቃሉን ስታገኙ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ምሳሌ አንብቡ። ትርጉሙን ለመገመት ሞክሩ። ከዚያ ፍቺውን እዩ። ቀጥሎ ከምሳሌዎቹ አንዱን መርጣችሁ በራሳችሁ ኑሮ ቀይሩት፤ «ሄቪ ሬይን» ከሆነ የሐምሌን ዝናብና በጎርፍ የተዘጋውን የሰፈራችሁን መንገድ ጻፉ። የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ከፈረንጁ ምሳሌ ይልቅ አይረሳችሁም። ደብተር ላይ ብቻ ከቀረ ግን ይጠፋል፣ ስለዚህ አንኪ የሚባለውን ፕሮግራም አብራችሁ ያዙ። ዴሚየን ኤልምዝ በ2006 ያወጣው ነው፤ ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። ያስገባችሁትን ካርድ እየቆየ፣ ልትረሱት ስትቃረቡ መልሶ ያመጣላችኋል። ካርዱ ላይ ቃልና ፍቺ አትጻፉ። ዓረፍተ ነገራችሁን ጻፉና ቃሉን ብቻ ባዶ ተዉት።

የትኞቹን ቃላት ላጥና የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው። እዚህ ላይ ዲክሽነሪው በጣም ያግዛል። ከዋና ዋና ቃላት ጎን ከኤ1፣ ማለትም ከጀማሪ፣ ጀምሮ ወደ ቢ እና ወደ ሲ ከፍ የሚል የቋንቋ ችሎታ ደረጃ ተጽፎበታል። «ኦክስፎርድ 3000» የሚባለው ዝርዝር ከኤ1 እስከ ቢ2 ያሉ ዋና ቃላትን ይዟል፤ «ኦክስፎርድ 5000» በዚያ ላይ የቢ2 እና የሲ1 2000 ቃላት ይጨምራል። ሁለቱም ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይወርዳሉ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ኦፓል የሚባል ለብቻው የተዘጋጀ የአካዳሚክ ቃላትና ሐረጎች ዝርዝር አለ፤ ጥናታዊ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ከማንኛውም ፒዲኤፍ ይበልጥበታል። 5000 ቃል ግን የመንገዱ ማብቂያ አይደለም። በቃላት ትምህርት ጥናት የታወቀው ኒውዚላንዳዊው ፖል ኔሽን በ2006 ባወጣው ጥናት ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ8000 እስከ 9000 የቃላት ቤተሰብ (አንድ ቃልና ከእሱ የሚወጡት እንደ አንድ ተቆጥረው) እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ስለዚህ ዝርዝሩን ጨርሳችሁ ማንበብ ካቆማችሁ መሃል መንገድ ላይ ናችሁ።

እንከኑስ? ድረ ገጹ ማስታወቂያ ይበዛበታል። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ፣ በርካሽ ስልክ፣ አንድ ቃል ለማየት ገጹ እስኪከፈት መጠበቅ ያሰለቻል፤ ዳታም ይበላል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው መተግበሪያ ሙሉ አገልግሎቱ በክፍያ ነው፣ ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ዓረብ አገርና አሜሪካ ያላችሁ ይሄ አይከብዳችሁም፤ እህት ወንድም እዚህ የሚማር ካላችሁ ጥሩ ስጦታ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የእንግሊዝ ኑሮ ናቸው፣ ስለዚህ የኛ ልጅ አንዳንዱን ለመረዳት ሁለቴ ማንበብ ይኖርበታል። የድምፅ አጻጻፍ ምልክቶቹም ያልለመዳቸውን ያደናግራሉ፤ ድረ ገጹ ላይ ግን የእንግሊዙንም የአሜሪካኑንም አነባበብ ጠቅ አድርጎ መስማት ስለሚቻል ይሄኛው አያስጨንቅም።

አማራጮቹን በአጭሩ ላንሳ። ሎንግማን በ1978 የወጣ ሌላ የተማሪዎች ዲክሽነሪ ነው። ፍቺዎቹን የሚጽፈው በ2000 ገደማ ቃላት ስለሆነ ከኦክስፎርዱም ይቀላል፤ ቃሉ በንግግር ወይስ በጽሑፍ እንደሚዘወተርም ምልክት ያደርጋል። 9ኛና 10ኛ ክፍል ላለ ተማሪ ምናልባት እሱን ላስቀድም እችላለሁ። ድረ ገጹም ነፃ ነው። ኮሊንስ ኮቢልድ ደግሞ በ1987 በጆን ሲንክሌር መሪነት ሲወጣ ፍቺውን ራሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመረ፤ ፍቺውን ስታነቡ አጠቃቀሙንም አብራችሁ ትይዛላችሁ። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ፍቺዎቹ ይረዝማሉ። ካምብሪጅ ቶሎ ለማየት ይመቻል። አሜሪካ የምትኖሩና የአሜሪካን እንግሊዝኛ የምትፈልጉ የሜሪያም ዌብስተርን የተማሪዎች ዲክሽነሪ ተጠቀሙ፤ ተራውን ሜሪያም ዌብስተር ሳይሆን ለተማሪ የተዘጋጀውን። ሁለቱ ይለያያሉ።

ገና ጀማሪ ለሆነ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም አልመክርም። ፍቺው ውስጥ ካሉት ቃላት ግማሹን የማያውቅ ልጅ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ለእሱ የአምሳሉ አክሊሉ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ይሻላል፤ በስንቱ ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። ከዚያ ከፍ ላለ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ሀብት አለ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሙሉውን ወደ አማርኛ ይተረጉመዋል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንደ አገባቡ በስንት የተለያየ የአማርኛ ቃል እንደሚተረጎም ጎን ለጎን ታያላችሁ። አማርኛው አንዳንድ ቦታ ያረጀ ነው፣ መጽሐፉም በቀላሉ አይገኝም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካጋጠማችሁ ግን ሁለት ገጽ ሳታነቡ አትለፉት።

ለኦክስፎርዱ ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለመጽሐፉ ከ5 አምስት፣ በማስታወቂያው ምክንያት ለድረ ገጹ አራት። መጽሐፉን መግዛት የምትፈልጉ አዲስ እትም ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ። 8ኛው በ2010፣ 9ኛው በ2015 ነው የወጡት፤ ለተማሪ ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው፣ ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ከመጽሐፉ ጋር ስለሚመጣው ሲዲ ወይም የኢንተርኔት ኮድ ሻጩ ቢያወራ ለእሱ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ፤ በአሮጌ መጽሐፍ ላይ ኮዱ ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ ውሏል። ይልቅ ፎቶ ኮፒ ተደርገው ተጠርዘው ከሚሸጡት ተጠንቀቁ። ምሳሌዎቹ የተጻፉት በደቃቅ ፊደል ስለሆነ ኮፒው ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የ«ኤስ»ን ክፍል ገልጡ፣ ከሁሉም ፊደል ረጅሙ እሱ ነው። ገጾቹ በቅደም ተከተል መሆናቸውን እዩ፣ ከዚያ አንዱን ምሳሌ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ አንብቡት። ዓይናችሁን ካስቸገረ አስቀምጡትና ወደ ሌላው ሱቅ ሂዱ።